ሲነሳ የሚጮኽ ልብ

ወልቂጤ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ የከተማው ሰው አንድ ነገር እያነሳ ሲያፌዝብኝ ኖሯል። «እሱ ዘንድ ስትሄድ ጉልበትህን አዘጋጅ» ይባባሉ ነበር። ራሱን ያመመው ይምጣ፣ ሆዱን ያመመው ይምጣ፣ እኔ ቁጢጥ አድርጌ ደረቱን አዳምጣለሁ፤ ከዚያ አስነስቼ ደግሞ አዳምጣለሁ። አንድ ደንዳና ነጋዴ አራተኛ ጊዜ ሳስነሳው «ጌታው፣ እኔ እኮ የመጣሁት ለጥርሴ ነው» ብሎኛል። ሳቅሁ እንጂ አልተውኩትም። ይህን ልማድ ያስያዘኝ ቀደም ሲል ቡታጅራ ላይ ያከምኩት አንድ ሰው ነው። አከምኩት ማለት እንኳ ያሳፍረኛል፤ በገዛ እጄ ልገድለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ጊዜው የጃንሆይ መንግሥት ወደ ማብቂያው ገደማ ነው። እኔ ድሬሰር ነበርኩ። ድሬሰር ማለት ያኔ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም በሌለበት ደግሞ ራሱ ሐኪም የሚሆን ሰው ነው። ከሰሜን ሸዋ ተነስቼ ቡታጅራ ስመደብ ገና ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ክሊኒኩ ሦስት ክፍል ያለው፣ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት ነው። በወር አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ዶክተር በላንድሮቨር ይመጣል፤ ክረምት ከሆነ ቡኢ ላይ ጭቃው መኪናውን ይይዘውና ጭራሽ ይቀራል። በሌላው ቀን ሁሉ የቡታጅራ ሐኪም እኔ ነበርኩ።

ኩራቴ ለጉድ ነበር። የልብ ማዳመጫዬን ካንገቴ አላወርድም፤ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ስወጣ እንኳ አንጠልጥዬው ነው። ምርመራ ላይ ደግሞ የራሴ ሥርዓት ነበረኝ። እኔ ከፍ ያለው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። በሽተኛው ከፊቴ አንዲት ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ፣ ጉልበቱ ደረቱን ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ድረስ ተጣጥፎ ይቀመጣል። ይህን ያስተማረኝ የለም። ባደግሁበት አገር ሹም ከፍ ብሎ፣ ባለጉዳይ ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ እኔም የተሾምኩ መስሎኝ ነበር። ማዳመጫውን ሳሳርፍም ትእዛዜ አንድ ነው፤ «እንዳትነቃነቅ!»

ሰውየው በአንድ ገበያ ማግሥት ከሚስቱ ጋር መጣ። የመስቃን ሰው ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቤት ሠሪ ነበር። የአገሩን ቤት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ክብ ሆኖ፣ ከመሃሉ አንድ ትልቅ ምሰሶ እስከ ጫፉ ወጥቶ፣ የጣራው እንጨት ሁሉ እሱ ላይ ተደግፎ በቃጫ ይታሰራል። ያ ምሰሶ ከተዛነፈ ቤቱ ሁሉ ይዛነፋል። ይህ ሰው ታዲያ ቱምቢ ሳይዝ፣ ቁጢጥ ብሎ ወደ ላይ በማየት ብቻ ምሰሶ የሚያቃና ነው እየተባለ ከቡታጅራ አልፎ ሶዶ ድረስ ይጠሩታል።

«ሐኪም፣ ስሠራ ትንፋሼ ይቆረጣል» አለኝ። «ደረቴን እዚህ ጋ ይጨመድደኛል። ደሞ ሁለቴ ወደቅሁ።»

«ከጣራ?»

«እኔ ከጣራ አልወድቅም» አለ፣ እንደሰደብኩት ሁሉ ቆጣ ብሎ። «መሬት ላይ ነው። አንዱ ቁጢጥ ብዬ ሳስር ቆይቼ ስነሳ ነው። አንዱ መስጊድ ውስጥ ነው፤ ሱጁድ ላይ፣ ግንባሬ መሬት ነክቶ ሳለ ደህና ነበርኩ፣ ስቆም ዓይኔ ጨለመብኝ።»

ሚስቱ ከበሩ ሥር ሆና ሁለት እጇን ታፍተለትላለች። «ታላቅ ወንድሙ እንዲሁ ነው የሞተው» አለችኝ። «እሱም ቤት ሠሪ ነበር። ምሰሶ ያቆሙ ቀን ወደቀ፤ አልተነሳም። ሰዉ የየራሱን ያወራል። እኔ እሱም እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው ያመጣሁት ሐኪም፤ ተራው የሱ ነው እያለኝ ነው ልቤ።»

ዛሬ ያን ንግግር ሳስታውስ ፊቴን እሸፍናለሁ። በሽታውን ሁለቱ ተከፋፍለው ከነስሙ ሊነግሩኝ ምንም አልቀራቸውም ነበር። እኔ ግን ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቻለሁ፤ ማዳመጫ የሰካ ሰው ደግሞ ሌላ አይሰማም። «የወንድሙ ሌላ ነገር ነው» ብዬ ዝም አሰኘኋት። በርጩማዋ ላይ ተጣጥፎ ተቀመጠ። መዳፌን ግራ ጡቱ ሥር ሳሳርፍ ልቡ እጄን ወደ ላይ አነሳው፤ እንዲያ ያለ ጉልበት ያለው ምት ነክቼ አላውቅም። ሳዳምጥ ከምቱ ጋር የምትሄድ ቀጭን ትንፋሽ የመሰለች ድምፅ አለች፤ ከዚያ ሌላ የለም። ሥልጠና ላይ ስለ ልብ የተነገረን ነገር በሁለት ከሰዓት በኋላ ያለቀ ነው። በጣም የሚመታ ልብ የሰፋ ልብ ነው፣ የሰፋ ልብ የደከመ ልብ ነው፣ ለደከመ ልብ ሁለት ክኒን ይሰጣል፤ አንዱ ልብን የሚያበረታ፣ አንዱ ውኃ የሚያሸና። ሁለቱንም ሰጠሁት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኸው ነው።

በሁለት ሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ ብሶበታል። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ክኒኑን ጨመርኩለት። በሦስተኛው ጊዜ ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጡት። ቁርሱን በልቶ ከመደብ ሲነሳ ወድቆ ግንባሩን ተፈንክቷል። ከንፈሩ ደርቋል፤ ቀን ከሌት ሽንት ብቻ ሆኗል ኑሮው። ቁስሉን እየሰፋሁለት ስለ ራሱ አይደለም የሚያወራኝ፤ ስለ አጎቱ ቤት ነው። አጎቱ በአካባቢው ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ጠብ ሲኖር የሚያስታርቁት፣ ደም ሲፈስ የሚያደርቁት እሳቸው ናቸው። አዲስ ቤታቸው ከአረፋ በፊት እንዲቆም ተወስኗል። ምሰሶው ተቆርጦ ግቢው ውስጥ ተጋድሟል። እንደነሱ ወግ ደግሞ ምሰሶው ሲነሳ መጀመሪያ ትከሻውን የሚሰጠው ቤት ሠሪው ነው።

«ምሰሶውን ሳላቆም አልሞትም» አለኝ።

«ማን ትሞታለህ አለህ?» አልኩት ኮስተር ብዬ። እኔም ግን ፈርቼ ነበር። ያ ሰው እጄ ላይ እያለቀ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ለምን እንደሆነ ነው ያልገባኝ።

በዚያው ሳምንት ዶክተሩ መጣ። መንገዱ ደርቆ ስለነበር እንጂ ቢቀር ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፈው በሌላ መንፈስ ነበር። ዶክተሩ የእኛው አገር ልጅ ነው፤ ውጭ ተምሮ ከተመለሰ ብዙም አልቆየም። አጭር፣ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው፤ ስለ መንገዱ እያሰበ ሁልጊዜ ይቸኩላል። ካርዱን አነበበና «ምን እየሰጠኸው ነው?» አለኝ። ሁለቱን ክኒኖች ከነመጠናቸው አነበነብኩለት። ካርዱን አስቀምጦ ወደ በሽተኛው ዞረ። ነገሩ አላማረኝም።

ሰውየው ያቺው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ደረቱ ላይ አሳረፈ፤ ቆየ። እኔ ደረት ላይ መዳፍ ሳሳርፍ በር እንደማንኳኳት ነው፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ተኛ ሰው ቆየ። ከዚያ እጄን ያዘና እዚያው አስቀመጠው።

«ስንት ጊዜ መታህ?»

«አንድ ጊዜ ነዋ።»

«ቸኩለሃል። ቆይ።»

ቆየሁ። ከትልቁ ምት በፊት አንዲት ትንሽ ግፊት አለች። ልቡ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ነበር መዳፌን የሚነካው። ሦስት ጊዜ የነካሁት ደረት ነው! ከዚያ ሁለት ጣቴን አንገቱ ሥር ላይ አስያዘኝ፤ ደሙ ድንገት ሽቅብ ይስፈነጠርና እንደ መያዝ ይላል፣ እንደገና ይለቀቃል። ዶክተሩ ማዳመጫውን ሰክቶ አዳመጠና ቅንድቡን ሰበሰበ። «ብዙም የለም» አለ ለራሱ።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ። አጎቱ ናቸው። ውጭ ቆመው ሲጠብቁ ቆይተው ትዕግሥታቸው አልቆ ነው። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገቡ።

በሽተኛው ብድግ አለ።

ለትልቅ ሰው መነሳት በእኛም አገር አለ፤ ኖር ይባላል። እዚያ አገር ግን ከአጥንት የገባ ነው። ሽማግሌ ሲገባ ተኝቶ የነበረ ይነሳል፣ እየበላ የነበረ እጁን ይዞ ይነሳል። የታመመ ሰው አይነሳ የሚል ነገር ለሰውየው በሐሳቡም አልመጣለት። እኔ «እንዳትነቃነቅ!» ብዬ ጮህኩ። ዶክተሩ ግን ማዳመጫውን ከደረቱ ሳያነሳ አብሮት ተነሳ፤ ቀጥ ከማለቱ በፊት ፊቱ ተለወጠ። አንድ እጁን አንስቶ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። አጎትየውም ባሉበት ቀሩ።

«ቁጢጥ በል» አለው። ሰውየው ቁጢጥ አለ። ዶክተሩም አብሮት ቁጢጥ አለ።

«ተነስ።»

ተነሳ።

«ቁጢጥ በል።»

ሁለቱ ሰዎች በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲነሱና ሲቀመጡ ላያቸው ያስቃሉ። እኔ ግን የዶክተሩን ፊት ነበር የማየው፤ ሊስቅም ሊያለቅስም የደረሰ ይመስል ነበር። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ።

ሰውየው ቁጢጥ ብሎ ሳለ ድምፁ ያው የማውቃት ትንፋሽ ነበረች፤ እንዲያውም የጠፋች ያህል ነች። «አሁን ተነስ» አለው ዶክተሩ። ተነሳ። አንድ ምት፣ ሁለት ምት ያው ነው። ከዚያ ድምፁ ከታች መጣ። እያደገ፣ እየሻከረ፣ አፈ ጠባብ ቅል ውስጥ ውኃ እንደሚታገል ሁሉ እየታገለ ጆሮዬን ሞላው። «ቁጢጥ በል» ሲለው ድምፁ ወዲያው እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። በሰው ጉልበት መታጠፍና መዘርጋት ብቻ ልብ ውስጥ ያለው ነገር ይከፈታል፣ ይዘጋል! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አድጌ ብዙ ተአምር ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። አላፍርም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«አፍህን ዘግተህ ወደ ታች አምጥ» አለው ዶክተሩ ደግሞ።

ሰውየው አጎቱን አየና አፈረ። «እሳቸው ፊት?»

«ሐኪም ካዘዘህ አድርግ» አሉ አጎትየው ኮስተር ብለው። አማጠ። ድምፁ እንደገና ጮኸ።

በርጩማዋን አየኋት። ያን ሁሉ ሳምንት ሰውየውን አጣጥፌ ያስቀመጥኩባት እሷ ነች። በኩራቴ ዝቅ አድርጌው፣ ልቡ እንዳይናገር አፉን ይዤው ነበር። ይባስ ብዬ «እንዳትነቃነቅ» እለዋለሁ።

ዶክተሩ ጭብጡን አሳየን። «ይህ ልብ ደካማ አይደለም» አለ። «ጡንቻው ከልኩ በላይ ወፍሯል። የወፈረው ግን ወደ ውጭ አይደለም።»

ሰውየው ጭብጡን ትኩር ብሎ አየው። «ግድግዳው ወደ ውስጥ ወፍሯል ማለት ነው» አለ። «ከውጭ ሲያዩት ቤቱ ያው ነው። ሰው የሚቀመጥበት ነው የጠበበው።»

ዶክተሩ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «እኔ ከዚህ የተሻለ አላስረዳም። አሁን ስትነሳ ደምህ ወደ እግርህ ይወርዳል፤ ለጊዜው ወደ ልብህ የሚመለሰው ያንሳል። ክፍሉ ሲጎድል ግድግዳዎቹ ይጠጋጋሉ፤ ደሙ የሚወጣበት በር ይጠባል። የሰማነው ድምፅ ደሙ በዚያ በጠበበው በር ሲታገል ነው። ቁጢጥ ስትል ደሙ ይመለሳል፣ ክፍሉ ይሞላል፣ በሩም ይከፈታል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። «ውኃውን ስታሸናው ክፍሉን አጎደልክበት። ልቡን ስታበረታው በሩን አጥብቆ ዘጋው። ሁለቱንም ክኒን ዛሬውኑ አቁም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሽተኛ ፊት ጥፋቱን የሚናገር ድሬሰር አይቼ አላውቅም፤ እኔም ከዚያ በፊት አድርጌው አላውቅም። ግን ያን ድምፅ ከሰማሁ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም። «ያባባስኩብህ እኔ ነኝ» አልኩት።

«አንቱ ሊያድኑኝ ብለው ነው» አለ። «አሁን ግን ውኃ ልጠጣ?» ከእንስራው ቀድቼ በገዛ እጄ ሰጠሁት። ሦስት ጣሳ ጠጣ።

አጎትየው እስካሁን ከበሩ አልተንቀሳቀሱም። «ዶክተር» አሉ፣ «የጮኸው እኔ ስገባ ነው?»

«በእርስዎ አይደለም አባቴ። በመነሳቱ ነው። ከባድ ነገር ሠርቶ፣ ቁጢጥ ብሎ ቆይቶ ድንገት ሲነሳ ደግሞ ይብስበታል።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «ታላቅየው ያን ቀን ምሰሶውን አነሳ። ደህና ነበር። አንሥቶ ሲያበቃ እግሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ አፈር ይጠቀጥቅ ነበር። እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር ደረስኩ። ለእኛ ተነሳ። ሰላምታውን አልጨረሰም።»

ሚስትየዋ በጥፊ የመቷት ያህል ግድግዳውን ተደገፈች። ዶክተሩ «ያኔ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር» አላቸው። አጎትየው ራሳቸውን ነቀነቁና ወጡ።

የዶክተሩ ትእዛዝ አጭር ነበር። ከባድ ነገር አታንሣ። ጣራ አትውጣ። ውኃ ጠጣ። ስትነሳ ቀስ ብለህ ተነስ፤ ዓይንህ ከጨለመ ወዲያው ቁጢጥ በል። ልብን የሚያረጋጋ አዲስ ክኒን መጥቷል፤ በየጊዜው በአውቶቡስ እልክልሃለሁ አለው። ለምርመራም ሰውየውን በመኪናው ይዞት አዲስ አበባ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ከነደብዳቤው ተመለሰ። የደረት ፎቶው ላይ ልቡ ብዙም አልሰፋም፤ ቤት ሠሪው እንዳለው ከውጭ ሲያዩት ቤቱ ያው ነው። ልብን በወረቀት የሚጽፈው መሣሪያ ግን ጫፋቸው ሽቅብ የተወረወረ ረጃጅም መስመሮች አውጥቷል። ዶክተሩ ከግርጌው «ጆሮአችን አልዋሸንም» ብሎ ጽፎልኛል። በውጭ አገር ቀጭን ቱቦ በደም ሥር እስከ ልብ ድረስ እያስገቡ እንደሚለኩትም ጽፏል። እኔን ግን ያስገረመኝ ቱቦው አይደለም። ቡታጅራ ላይ፣ ወለሉ አፈር በሆነ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሰው ለአጎቱ ስለተነሳ የታየው ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። አንገቱ ሥር ላይ ትርታውን እቆጥራለሁ። ከቤቱ እስከ ክሊኒኩ ስንት ጊዜ ቆሞ እንዳረፈ እጠይቀዋለሁ፤ መጀመሪያ ስድስት ነበር፣ ቀስ በቀስ አንድ ሆነ። ከዚያ ቁጢጥ ብለን እንነሳለን። አዲሱን ክኒን ከጀመረ በኋላ ድምፁ ሲነሳም እያነሰ ሄደ፤ አልጠፋም፣ ግን ያ ሻካራው ነገር ለዘበ። «ዛሬስ እንዴት ነች?» ይለኛል፣ ስለ አንዲት ጠበኛ ላም እንደሚጠይቅ። የአጎቱን ቤት ጉዳይ ግን አያነሳልኝም። እኔ ሳነሳበት ወሬ ይቀይራል። ቤት ሠሪ ሆኖ ትከሻውን ሳይሰጥ ሌላ ሰው ምሰሶ ሲያነሳለት ማየት ከሞት እንደማይሻለው ፊቱ ላይ አነባለሁ።

ምሰሶው የሚቆምበት ቀን ጠዋት ማዳመጫዬን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። ተጋብዤ ነው፤ የሄድኩት ግን ለድግሱ አይደለም። ጀፎረው፣ ያ በመንደሩ መሃል የሚያልፈው ሰፊ ሣር መንገድ፣ በሰው ተሞልቷል። ከግራና ቀኝ እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሏል። ምሰሶው ከጉድጓዱ አጠገብ ተጋድሟል። ሰውየው ጎኑ ቆሟል።

ወንዶቹ ከበቡት። ሁሉም እሱን ነው የሚያየው። ትከሻውን ሊሰጥ ጎንበስ አለ። እኔ ኪሴ ውስጥ ማዳመጫዬን ጨበጥኩ። ሚስቱ ከሴቶቹ መሃል ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታለች። ትከሻውን እንጨቱ ላይ አሳረፈ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ሳይገፋ። ከዚያ ቀና አለና ቦታውን ለሌላ ሰው ለቀቀ። ተራምዶ አንድ ግንድ ላይ ተቀመጠ። «ያዙ!» አለ። ያዙ። እሱ በዱላው ግራ ቀኝ እያለ ሲያዛቸው፣ እነሱ እየዘፈኑ ምሰሶው ተነሳ። እንዲያ ያለ ከባድ ነገር ቀጥ ብሎ ሲቆም ሳይ ጀርባዬን ውርር አደረገኝ።

አሁን ማቃናቱ ነው የቀረው። ይህን ከሱ በቀር የሚያውቀው የለም። ከግንዱ ወርዶ ምሰሶው ሥር ቁጢጥ አለ፤ ወደ ላይ እያየ ያርማል፣ አፈሩን በእጁ ይጠቀጥቃል። ቆየ። በጣም ቆየ። የታላቅ ወንድሙን ነገር የሚያውቅ ሰው ሁሉ እስትንፋሱን ይዟል። በዚህ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ከመስጊድ ተመልሰው በጀፎረው መጡ፤ አጎትየው ከፊት ናቸው፣ ነጭ በነጭ ለብሰዋል።

ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። እኔም ሳላስበው ተነስቻለሁ። ሰውየው ዞር ብሎ አያቸው። ትእዛዙን ያውቀዋል፤ በየሳምንቱ አስደግሜዋለሁ። ግን እጁን መሬት ላይ ተክሎ ሊነሳ ተሰናዳ። ጉልበቱ ሲዘረጋ አየሁት። ያ ድምፅ ያለ ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ።

አጎትየው ተቀመጡ።

እዚያው በቆሙበት፣ የጠዋት ጤዛ ያልደረቀበት ሣር ላይ፣ በነጭ ጋቢያቸው ዘፍ አሉ። አገር የሚነሳላቸው ሰው በገዛ ግቢያቸው ደጃፍ መሬት ተቀመጡ። ከኋላቸው ያሉት ሽማግሌዎች ግር ብሏቸው ተያዩ፤ ከዚያ አንዱ ተቀመጠ፣ ሁለተኛው ተቀመጠ፣ ሁሉም ተቀመጡ። እኛም የቆምነው አንድ በአንድ ወደ ሣሩ ወረድን። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ቆሞ የቀረ ምሰሶው ብቻ ነበር። ሰውየው የሚነሳለት የቆመ ሰው አልነበረም።

ሰውየው እጁን መሬት ላይ እንደተከለ ቀረ። አጎትየው በተቀመጡበት እየተንፏቀቁ ተጠጉትና «አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ» ብለው ጨበጡት።

«ወአለይኩሙ ሰላም» አለ እስከ መጨረሻው። ከዚያ አፈሩን ጠቅጥቆ ጨረሰ፣ እጁን አራገፈ፣ ምሰሶውን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሳ።